ሁለት ማኅተም

የእኔ ሥራ በር መዝጋት ነው። መሥሪያ ቤቱ «የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ» ይለኛል፤ ሾፌሮቹ «የተሰረቀ ዕቃ እናት» ይሉኛል፤ እኔ የሾፌሮቹን እመርጣለሁ። ፖሊስ ከወንጀለኛ እጅ የያዘው ዕቃ ሁሉ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ድሮ የሚመጣልኝ ቢላዋ፣ ዱላ፣ የተፈለቀቀ የመኪና ቴፕ ነበር። አሁን የሚመጣው ስልክና ላፕቶፕ ነው። ደም የለበትም፣ አይሸትም፤ ዝም ብሎ አቧራ ይጠጣል። ሌባም እንደ ዘመኑ ሆነና በመስኮት መግባቱን ትቶ ከሌላ አገር ተቀምጦ በሽቦ ይገባል። እኔ ደግሞ ዕቃውን ማንም እንዳይነካው እጠብቃለሁ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለሠራሁት ሳይሆን ላልነካሁት ነው ብል አላጋነንኩም።

ወንድሜን ልታድን የምትችለው ሳጥን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ነበረች። ጥቁር ናት፣ የጫማ ካርቶን ታክላለች። ከሻይ ብርጭቆዬ ቀና ባልኩ ቁጥር አያታለሁ። ብዘረጋ እጄ ይደርስባታል።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። የሰፈሩ ሰው «ዳኛው» ይለዋል፤ የእግር ኳስ ዳኛ ሆኖ ነው ያረጀው። የገዛ አክስታችንን ልጅ በቀይ ካርድ አስወጥቶት አክስታችን እንዳኮረፈችው ሞታለች። «ጋሼ፣ አንዴ እንኳ አይተህ እንዳላየህ ብታልፍ ምን አለበት?» ስለው፣ «ሚጢጢ፣ አንዴ ካለፍኩ ፊሽካው አፌ ውስጥ ይመረኛል» ይለኝ ነበር። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ለእሱ አሁንም ሚጢጢ ነኝ።

ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበት። ያ ሜዳ ሙሉ ሰው ጸጥ ያሰኝ የነበረ ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ከመሳቢያው ፊሽካውን አወጣና አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ ወዲህ በፊሽካ ሆነ የምንነጋገረው። አጭር ከሆነ ውሃ አምጪ ነው። ረዘም ካለ ሕመሙ ተነስቷል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከነፋ ዜና ተጀምሯልና ነይ ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን «ዛሬ እነማን ናቸው የሚጋጠሙት?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር፤ ምክንያቱም ሐኪሟ ይድናል ብላናለች።

ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል፣ ቃል የማታባክን። «በጨረር ይድናል፤ እንዳያቋርጥ ብቻ» ነው ያለችን። ማሽኑ በአገሩ ያለው አንድ ነው። ዕጢው የት ላይ እንዳለ፣ ጨረሩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ እስካሁን ምን ያህል እንደገባለት፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ጋሼም አንድ ቀን ሳያጓድል፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይሄድ ነበር። ለጨዋታ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ሕክምናው ሲጋመስ አንድ ጠዋት ሄደን ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ አገኘነው። በሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ ተለጥፏል፤ መረጃችሁን ቆልፈነዋል፣ ቁልፉን የምትፈልጉ ከሆነ ክፈሉ። ሐኪሟ እድፍ ያለበት ይመስል የኮምፒውተሩን መስታወት በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ታብሰው ነበር።

«እንደ አዲስ መጀመር አይቻልም?» አልኳት።

«የምስል ማንሻውም ተቆልፏል። ምን ያህል እንደገባለት ሳላውቅ ብጨምርበት እኔ እገድለዋለሁ። ብቀንስበት ዕጢው ይገድለዋል።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው።

ጋሼ ሰዓቱን አየና በሹክሹክታ፣ «ጨዋታው ለጊዜው ተቋርጧል» አለ።

ያን ቀን የጎረቤት አገር ትልቁ ሆስፒታልም እንዲሁ ተቆልፎ ነበር። ወንበዴዎቹ አንድ ናቸው፣ ቁልፉም አንድ ነው። አሁን እንግዲህ የሁለቱን መንግሥታት ነገር ልንገራችሁ። ከድንበር እስከ ዶሮ ያልተጣሉበት የለም። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ሰደበኝ ይላል። በዚህ ጉዳይ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ተስማሙ። የእነሱ ፖሊሶች ወንበዴዎቹ የሄዱበትን መንገድ ተከታትለው እኛ ከተማ ዳር ያለች የኪራይ ቪላ ላይ ደረሱና ነገሩን። የእኛዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ። እነሱም በዚያው ጠዋት አለቆቹን አገራቸው ላይ ለቀም ለቀም አደረጉ። ማታ በቴሌቪዥን ሁለቱ ሚኒስትሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ታዩ። የእኛው ሚኒስትር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ፤ የወዲያኛው ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ፊሽካውን ሳብ አድርጎ፣ ሳንባው እስኪያልቅ፣ ጎል ሲገባ እንደሚነፋው ነፋው። እኔ አለቀስኩ። መንግሥት ያስለቀሰኝ ብዙ ጊዜ ነው፤ በደስታ ያስለቀሰኝ ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ሳጥኗ፣ ከቪላዋ የተያዘችው የኮምፒውተር ሳጥን፣ ወደ እኔ መጣች። ከተያዙት አንዱ «ቁልፉ እሷ ውስጥ ነው» ብሎ ተናግሯል። ስምምነቱ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ዕቃው በተገኘበት አገር ይቀመጣል፣ የሁለቱም አገር ማኅተም ይደረግበታል፣ የሁለቱም ተወካዮችና ባለሙያዎች ባሉበት ብቻ ይከፈታል፣ ከዚህ ውጪ ከተከፈተ ማስረጃ መሆኑ ይቀራል። ማስረጃ ካልሆነ ወንበዴዎቹ ይፈታሉ ማለት ነው። ይህ እንዲህ ሲያነቡት ክፋት የለውም። እኔም ሳነበው ጥሩ ተጽፏል ብዬ ነበር።

የእነሱን ማኅተም ይዞ የመጣው ሰው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ትሁት፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋ ሰውዬ ነው። ስሙን ነግሮኛል፤ እኔ ግን ባለማኅተሙ ነው የምለው። ማኅተሙን በከረጢት ይዞ እንደ ሕፃን አቅፎት ገባ። አለቃዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀይ ሰም አንጠበጠበና ማኅተሙን ጫን አደረገበት። ባለማኅተሙ ሰማያዊውን ሲያቀልጥ ጣቱን አቃጠለውና ውሃ አቀረብኩለት።

«ባለሙያዎቹን ይዘው ለምን አልመጡም? ዛሬውኑ አይከፈትም ነበር?» አልኩት።

«ለእነሱ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እህቴ። እኔ የታዘዝኩት ለማሸግ ነው።» ጣቱን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቀና አለ። «ታማሚ አለዎት መሰለኝ።»

«ወንድሜ ነው።»

«በዚህ ሳምንት ይመጣሉ። እኛም ዘንድ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተኝቷል።»

አመንኩት። አሁንም ቢሆን ያን ሰው ዋሸኝ አልልም።

ጠቡ የጀመረው የት ትከፈት በሚለው ነው። እነሱ፣ ተከሳሾቹ በእጃችን ናቸውና ሳጥኗ ወደ እኛ ትምጣ አሉ። የእኛዎቹ፣ የተገኘችው በእኛ መሬት ላይ ነውና እናንተ ኑ አሉ። እኛ ከሄድን ለማኝ እንመስላለን፣ እነሱ ከመጡ ጌታ እንሆናለን፤ በዚያም በኩል እንዲሁ ተብሎ ይሆናል። ድንበሩ ላይ ካለው ድልድይ መሐል ትከፈት የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ የድልድዩ መሐል የት ጋ ነው በሚለው ሳይስማሙ ቀሩ። እያሾፍኩ እንዳይመስላችሁ፤ ኃላፊው ራሱ ከስብሰባ ሲመለስ ነው የነገረኝ፣ ያውም ሳይስቅ። በመሐሉ ድንበር ላይ የጭነት መኪና ታገደ፣ ለዚያ መልስ ሌላ መኪና ታገደ፣ መልእክተኞቹ ሁሉ ወደየአገራቸው ተጠሩ። «ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው» ተባለ። በኮሚቴ የታየ ነገር ደግሞ ዓይን እንደገባበት ልጅ ነው፤ አያድግም።

ሳጥኗ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጋሼ ከሳ። መጀመሪያ ምግብ እምቢ አለው፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ ቀጥሎ የራሱ ምራቅ። አንገቱ አበጠና የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ አልዘጋ አለ። እሱ ግን እየተኮሰ መልበሱን አልተወም። አጭሯ ፊሽካ እየቀነሰች ረጅሟ በዛች። ጎረቤቶቻችን መቀለዱን ተዉ፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ትዕግሥት ይዞ ፖሊስ የሆነ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የሁለቱ አገሮች ትንንሽ ባንዲራዎች ቆመዋል፤ አንደኛው አጠር ብሎ ስለታየው ከሥሩ ወረቀት አጥፎ ከፍ አድርጎታል።

«ጌታዬ፣ የኮምፒውተር መርማሪያችን ሳጥኗን ሳያበላሽ ቁልፉን ቀድቶ ማውጣት ይችላል። ለሆስፒታሉ ብቻ እንስጠው። እነሱም ሆስፒታላቸው ተቆልፏል፣ ለእነሱም እንላክላቸው።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙ ሰም ነው።»

«የማን ሰም? የመንግሥት ሰም ነው» አለኝ። «ብቻችንን ከከፈትን ሰረቁን ይላሉ። የያዝናቸው ሌቦች ይፈቱና ነገ ሌላ ሆስፒታል ይቆልፋሉ። ይህን ትብብር ለመጀመር ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቂያለሽ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ወንድሜ ይሞታል።»

ባንዲራዋን አስተካከለ። «ስለ ወንድምሽ አዝናለሁ። በእውነት ነው የምልሽ። ግን የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም።»

«ልክ ነው፤ ኮሪደር ሙሉ ሰው ነው» ብዬው ወጣሁ። የሚያናድደኝ እሱ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ሐሰት ቢሆን ተጨቃጭቄ ይወጣልኝ ነበር።

ባለማኅተሙ ዘንድ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ወዲያው አወቀኝ። ከዚያ የሆነ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ከእናንተ ሰው ጋ እንዳልነጋገር ታዝዣለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ፈቃድ ጠየቅሁ፤ በራሴ መኪና ልሂድ አልኩ፤ ከልክለውኛል። ፓስፖርቴን ሰብስበውታል።»

«እኔ ብከፍታትስ? እርስዎ ማኅተሜ አልተነካም ቢሉ?»

«እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በስልክ አይጠይቁኝ። ስልኬን የምሰማው እኔ ብቻ አይደለሁም።» ከዚያ፣ «ወንድምዎ እንዴት ናቸው?» አለ።

«ፊሽካ ይነፋል።»

ያልኩት አልገባውም፤ ቢሆንም «እግዚአብሔር ይማራቸው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ ያየሁት ግን ከአንጀት የሚያለቅሱ ሰዎች በሁለቱም በኩል ሞልተው፣ እንባውን የሚቀበል ቢሮ መታጣቱን ነው። ሁሉም አዝኗል። ሁሉም ልክ ነው። ሌቦቹ ሳይያዙ በፊት ቢያንስ የምንለምነው ሰው ነበረን፤ ሆስፒታሉ ሰብስቦ፣ ለምኖ፣ ከፍሎ ሊያስከፍት ይችል ነበር። አሁን ሌቦቹ እስር ቤት፣ ቁልፉ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኗ ማኅተም ውስጥ ናት። ሌባ ቢቆልፈው የሚከፈት ነበር፤ ሕግ ሲቆልፈው ግን ማን ይከፍታል?

ይህን ለጋሼ ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሬለታለሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የሳጥኗን ቦታ፣ የሰሙን ቀለም፣ መርማሪው ምሳ ላይ ያለኝን። መርማሪው ልጆች ያሉት፣ የሥራ ዋስትና የሚያስጨንቀው ሰው ነው፤ ሳህኑን እያየ ነው የተናገረው። «አንቺ ከበጠስሽው እኔ ምንም ሳልጠይቅ ቀድቼ እሰጥሻለሁ። በጣሹ ግን እኔ አይደለሁም።» በጣሹ እስር ቤት እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማኝ ቆየ። እምቢ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የአክስቱን ልጅ ያባረረ ሰው ነው፤ ለራሱ ሲል ሕግ ጣሺ አይለኝም። እውነቱን ልናገር፣ እምቢ እንዲለኝ ነው የነገርኩት፤ እምቢ ቢለኝ ሸክሙ ከትከሻዬ ይወርድ ነበር።

በጣቱ ጠራኝ። ጆሮዬን አፉ ጋ አስጠጋሁ።

«በጥሺው» አለኝ።

«ጋሼ?»

«መሞት አልፈልግም፣ ሚጢጢ። በጥሺው።»

ያን ሰው እስከዚያች ቀን ለምኖ አይቼው አላውቅም። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቼን አጠፋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት በር ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ማስታገሻውን ገዝቼ፣ ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ሥራ ገባሁ። በቦርሳዬ ውስጥ ካርቶን መቅደጃ ምላጭ አለ። መርማሪውን በመስኮት አየሁት፣ ራሱን ነቀነቀና መጋረጃውን ሳበ። መጀመሪያ ሰማያዊውን እበጥሳለሁ፣ ከዚያ ቀዩን፤ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንዳሰብኩት አላውቅም። ከታሰርኩ ማን ውሃ ያቀብለዋል የሚለውን ለጎረቤት ተናግሬ ጨርሻለሁ። ቁልፌን አዙሬ ገባሁ።

መደርደሪያው ላይ አቧራ አለ፤ በአቧራው መሐል አንድ ንጹሕ ቦታ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል።

ኃላፊው ጋ ሮጥኩ። ሊነግረኝ እየፈለገኝ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። «መልካም ዜና አለ» አለኝ። «ትናንት አንቺ ፈቃድ ወጥተሽ ሳለ በበላይ ትእዛዝ ተወስዳለች። ባንክ ውስጥ፣ ባለሁለት ቁልፍ ካዝና ውስጥ ገብታለች። አንዱ ቁልፍ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ እጅ ነው። ለጋራ መተማመን ሲባል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ የተስማማበት የመጀመሪያው ነጥብ ነው።»

ሁለት ማኅተም አልበቃ ብሎ ሁለት ቁልፍ። ተማመኑ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳይጋብዘኝ። ምላጩ በቦርሳዬ ጨርቅ ወጥቶ ጭኔን ይወጋኛል፤ አላወጣሁትም።

ማታ እስኪሆን ሳልጠብቅ፣ ምሳ ሳይደርስ ቤት ተመለስኩ። ጋሼ በሩን እያየ ይጠብቅ ነበር። ፊቴን አይቶ ገባው። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፅ የለውም።

«ኦፍሳይድ» አለኝ።

ፊሽካውን መልሼ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። ከዚያ በኋላ ስለ ሳጥኗ አላነሳንም። እሱ ድሮ ስላጫወታቸው ግጥሚያዎች በሹክሹክታ ያወራኛል፤ እኔ የማላውቃቸውን ተጫዋቾች እንደማውቃቸው ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ግን መሐል ላይ አቋረጠና፣ ያኔ የአክስታችን ልጅ ጥፋቱ ካርድ የሚያሰጥ እንዳልነበር ነገረኝ። «ዘመዴ ስለሆነ ነው የሰጠሁት፤ አዳላ እንዳይሉኝ» አለ። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ሰው ንጹሕ ለመባል ሲል ሰው ይጎዳል፤ መንግሥትም እንደዚያው ነው።

ጋሼ የሞተው በቀትር፣ ሾርባ እያሞቅኩ ሳለሁ ነው። ፊሽካ አልነፋም። ድምፅ ስላልሰማሁ ተኝቷል ብዬ ሾርባውን አውርጄ ጠበቅሁት። ፊሽካው ከንፈሩ መሐል ነበር፤ ሊነፋው ፈልጎ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ግድግዳ ማዶ ሾርባ እያማሰልኩ እሱ እየጠራኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የጭነት መኪናዎቹ ነገር ተፈታ። በምን እንደተፈታ አልተነገረንም፤ የሆነ ሰው ከሆነ ሰው ጋር ራት በልቶ ይሆናል። ሳጥኗ በእኛ ከተማ፣ በባንኩ አዳራሽ፣ በሁለቱ ሚኒስትሮች ፊት እንድትከፈት ተወሰነ። ዕቃው በስሜ ስለተመዘገበ እኔም ተጠራሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አበባ ነበር፣ በትልቅ ጨርቅ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። ባለማኅተሙ ከእነሱ ወገን ተርታ ተቀምጦ አየሁት። ሲያየኝ ተነስቶ መጣ። ጥቁር ልብሴን አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ወንድምዎ…» አለ።

«አዎ» አልኩት።

አጠገቤ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ወደ ወገኖቹ አልተመለሰም። የሚጠሩት ዓይኖች ነበሩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው። «የእኛም ኮሪደር ባዶ ሆኗል» አለኝ ቀስ ብሎ። እንዴት ባዶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሚኒስትሮቹ ወርቃማ መቀስ ቀርቦላቸው አንደኛው ቀዩን፣ ሌላው ሰማያዊውን ማኅተም ቆረጡ። ፎቶ ተነሳ። ካሜራው አልያዘውም ተባለና የተቆረጠውን እንደገና የሚቆርጡ መስለው ቆሙ። መርማሪው ከእነሱ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሳጥኗን ሽቦ ላይ ሰካት። ቁልፉ ንግግሩ ሳያልቅ ወጣ። ይኸው ነው። ሚኒስትሩ ውሃ ጠጥቶ ጉሮሮውን ሲያጸዳ ሥራው አልቆ ነበር። መርማሪው እኔን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያል።

ቁልፉ ለሁለቱ ሆስፒታሎች ተላከ። ትንሽ ቆይቶ ተከፈተ የሚል ስልክ መጣ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ ሰዎች ተቃቀፉ። የእኛው ሚኒስትር ተረቱን ደገመው። በዚያ ጫጫታ መሐል ቦርሳዬ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የጋሼ ስልክ ነው፤ መርዶ ያልደረሳቸው ሰዎች ስለሚደውሉ ይዤው እዞራለሁ። መልእክት ነበር። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ነቅቶ ካቆመበት መቀጠሉ ነው።

«ውድ ታካሚያችን፣ የጨረር ሕክምና ቀጠሮዎ ነገ ጠዋት ነው። የሚመጡ ከሆነ 1፣ የማይመጡ ከሆነ 2 ብለው ይላኩልን።»

«ማን ነው?» አለኝ ባለማኅተሙ።

ስልኩን ሰጠሁት። አነበበው፣ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አነበበውና መለሰልኝ። አጨብጫቢዎቹ ተነስተው ቆመዋል፤ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን የተቀመጥነው።

ጋሼ ቀጠሮ አጓድሎ አያውቅም። ዝም ብል ነገ ጠዋት ያቺ ቀጭን ሐኪም በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሁለትን ነካሁና ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ተራዎ ለሌላ ታካሚ ተሰጥቷል።»

ከመድረኩ ኃላፊው በእጁ ጠራኝ፤ ሳጥኗን መልሼ ስረከብ የምፈርመው ቀርቷል። ስልኩን ከፊሽካው ጎን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልፈርም ሄድኩ።